አስር ሺህ ክር

ሐረጎን ስንወጣ ጉም መንገዱን ውጦት፣
ሚኒባሱ ሲያቃስት ዳገቱ ከብዶት፣
ረዳቱ የት ነህ አይለኝም፤ ያውቀኛል፤
የክንዴን ፋሻ አይቶ ቀን ይጠይቀኛል፦
«ጋሼ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው?»
ረቡዕ ነው። እኔ እንደሆን ሌላ ቀን የለኝም፤
ከሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ በቀር አልቆጥርም።

አሥራ ሰባት ዓመት ክር ነበር እንጀራዬ፤
በፈትል ክፍሉ ጩኸት ደንዝዞ ጆሮዬ፣
የተበጠሰውን ስቀጥል ሳነጋ
ትዝ ብሎኝ አያውቅም፣ ከወገቤ ጠጋ
ብሎ ሌት ተቀን የሚሠራ፣
ጭማሪ ጠይቆ ስሙን የማያስጠራ
ኩላሊት የሚሉት ወዛደር እንዳለኝ።
ያወቅሁት አድማ ሲመታ ነው፤
እግሬ ሲያብጥ፣ ጣት ሲጫነው ጎድጉዶ ሲቀር፣
ውሃው እንኳ አፌ ውስጥ ብረት ብረት ሲል።

ከጎኔ ወንበር ላይ ሉባባ አለች፤
ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሚዛን ስትወጣ ጫማዋን ታወልቃለች፣
ትንፋሿን ትይዛለች፣
እንዳይበዛባት።
ሲስተር እቴነሽ ግን በዋዛ አታልፋትም፦
«ተንፍሺ የኔ ልጅ፣ አየር አይመዘንም፤
የምንመዝነው ከትናንት ወዲያ ያመለጠሽን ነው።»
ሉባባ አንገቷን ደፋች። ተናዘዘች፦
ከጎረቤት ሰርግ አንድ ብርቱካን፣
ደግሞ ሁለት ጉንጭ፣ ሰው ሳያያት።
ሰፈሯ ቧንቧ ውሃ ነው።
የቀን ድርሻዋ ሁለት ስኒ ውሃ።

«ጋሽ ይመር፣ ደሜ ወጥቶ የት አድሮ ነው የሚመጣ?»
ይህን ሐኪም ቢመልሰው ይሻል ነበር፤ ግን ክር ሲነሳ
እኔ ዝም አልልም።
«ያን ነጭ ቀፎ አየሽው? ውስጡ ሞልቶ ያለው ክር ነው፤
አስር ሺህ ክር፣ ከጸጉርሽ የቀጠነ፣
እያንዳንዱ ግን ውስጡ ክፍት የሆነ።
ደምሽ በክሩ ሆድ ሽቅብ ሲጓዝ
ውሃው በክሩ ጀርባ ቁልቁል ይወርዳል፣
ሐረጎ ላይ እንደሚተላለፉ ሁለት መኪኖች።
አይነካኩም፤
ትርፍ የጫነው ግን ትርፉን በመስኮት ያቀብላል፤
መርዙ፣ ጨዉ፣ ያ የብርቱካኑ ነገር፣ ወደ ውሃው ይሻገራል።
ደሙ ቀሎት ወደ ቤቱ ይመለሳል።»
«ያንተም አስር ሺህ ነው?»
«የኔው ቀፎ ይተልቃል፤ ያንቺ በልክሽ የተሰፋ ነው።»
«አራት ሰዓቱ ሲያልቅ፣ እድናለሁ?»

ክር ቀጣይ ነበርኩ እኮ፤ የመቀጠልን ነገር አውቃለሁ።
ይሄ ማሽን ግን አይቀጥልም። ያጥባል፤ ያቆያል፤
ለመጪው ቀጠሮ ያደርሳል።
ይህን ለልጅ እንዴት ይሏል?
«እስከ አርብ ትድኛለሽ» አልኳት።

አርብ መጣ። መብራት ሄደ።
ጄኔሬተሩ አንዴ ስሎ፣ አንዴ አጉረምርሞ በረደ፤
ማሽኖቹ በአንድ ላይ ጮኹ፣ ደማችን ከቱቦው ቆሞ።
ስድስት ወንበር፣ ሁለት ነርስ።
«እጀታውን!» አለች እቴነሽ። የሉባባን አባቷ ያዘ፤
ሰኞ ገበያ በርበሬ ሲሸከም የኖረ ጫኝ
በዚያች ቀላል ነገር እጁ ተንቀጠቀጠ።
«ቀስ፣ ቀስ፤ ስልቻ አይደለም፤ ልጅህ ናት።»
እኔ ጋ የሚደርስ ሰው የለም።
ግራ ክንዴ በመርፌ ታስሯል፤ በቀኜ ያዝኩት፤
የገዛ ደሜን እንደ ልቃቂት አዞርኩት፤
ሉባባ ትቆጥርልኛለች፦ «አምስት፣ ስድስት፣ ኧረ ጋሼ አትፍጠን!»
መብራቱ መቼ እንደመጣ አላየሁም።
መቶ አርባ ላይ ነበርን።

ሲነቅሉን ጆሮዋን ክንዴ ላይ አስደግፋ፣
ደም ሥሬ የተጋጠመበትን አዳመጠች፤
«ንብ አለ» አለች።
«ተይው፣ ይሥራ።»

ማታ ቦርከና ከኔ ጋር ይወርዳል፣
የደሴን እጣቢ ተሸክሞ፤ ለሱ ማን ቀጠሮ ይዞለታል?
ከንፈሬን እልሳለሁ። ረዳቱ ሃይላንዱን ዘረጋልኝ፦
«ጋሼ፣ ትጠጣለህ?»
አንድ ጉንጭ ተቀበልኩት፤
ሳልውጥ እስከ ኮምቦልቻ ያዝኩት።